ጉማሬው አላዛጋም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ጣና የጀልባ ጉብኝት ያወጣችሁትን ዘገባ ባሕር ዳር ያለን ባለ ጀልባዎች እየተቀባበልን አነበብነው። ብዙው ነገሩ ይታለፋል። አንዲት ምክር ግን አትታለፍም፦ በውጭ አገር ዓሣ ነባሪ የሚያስጎበኙ ጀልባዎች እንደሚያደርጉት ሁሉ የጣናዎቹም ጉማሬ ሲያዩ «ሞተራቸውን አጥፍተው በቀስታ ይጠጉ» ትላለች።

አጥፍተው። ደግሞም ይጠጉ።

የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል፤ በጭራው ብናቆመው ከወገቡ በላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ንጽጽሩ የቱን ያህል እንደሚገጥም ከዚህ ይጀምራል። ቀልዱን ትተን ምክንያቱን እንይ። ዓሣ ነባሪ በሰፊ ባሕር ይኖራል፣ በድምፅ ይገናኛል፤ የሞተር ጩኸት ይረብሸዋል፣ ፕሮፔለር ይቆርጠዋል። ስለዚህ በብዙ አገር ጀልባ ከ100 ሜትር እንዳይቀርበው ይከለከላል፤ እሱ ራሱ ከመጣም ማርሹ ዜሮ ይደረጋል። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ ለዓሣ ነባሪ።

ጉማሬ ግን ውሃ ውስጥ ወሰን አለው። ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ዳር ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነው። እስከ አምስት ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ መሬቱን እየረገጠ ከሥር ይሄዳል። ድምፅ የሌላት ጀልባ በላዩ ስትደርስበት እንግዳ መጣ ብሎ ደስ አይለውም፤ ድንገት የተያዘ ነው የሚመስለው። በደንገሉ መታጠፊያ ስናልፍ የጀልባውን ጠርዝ በእጃችን መታ መታ የምናደርገው ለዚህ ነው፤ የት እንዳለን ሰምቶ ራሱን ያውጣ ብለን።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ራሱ ነው። እንግዳ ጉማሬ የሚያየው በብዛት አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ከጨረጨራ ግድብ በላይ ባለው ክፍል ነው። እዚያ ውሃው ይሄዳል። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ እንኳ ሞተሯን ያጠፋች ጀልባ በአንድ ደቂቃ 30 ሜትር ትወሰዳለች። በገመድ የሚነሳ ሞተር ሞቆ ሳለ ቤንዚን ከበዛበት ደግሞ ካንዴላው ይረጥብና ሦስት አራት ጊዜ ያስጎትታል። ጉማሬው በውሃ ውስጥ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ያንን 30 ሜትር በ14 ሰከንድ ይጨርሰዋል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? ዘጋቢያችሁ በግንዱ ላይ 12 እንግዳ አስቀምጦ ነው የሸኘን።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ከሐይቁ ወደ አባይ ስንገባ ከመንጋው ማዶ ያለውን ዳር ይዘን ሰፋ አድርገን እናልፋለን፤ ከዚያ ዞረን ፊታችንን ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ እናደርጋለን። ሞተሩ በሚኒሞ ይሠራል፤ ቢጠፋ እንኳ ውሃው የሚወስደን ከእንስሳው ወዲያ እንጂ ወደ እሱ አይደለም። ወደ ግድቡ እንዳንወርድ ደግሞ መልሕቁ ገመዱ ተፈትቶ በእጅ ይጠበቃል። ርቀቱ ከ50 ሜትር አያንስም፤ ግልገል ያላት እናት ካለች እጥፍ። በእንስሳውና በጥልቁ መካከል ፈጽሞ አይገባም፤ ብዙ አዲስ ጀልባ ነጂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከዳር በኩል ያለውን ብቻ ያያል፣ መንገዱን እንደዘጋበት አይታየውም። አንድ ጀልባ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆምም፤ ሌላ ካለ ራቅ ብሎ ተራ ይጠብቃል። ራሶቹ ሁሉ በአንዴ ከጠለቁ ወይም ውሃው ላይ ወደ እኛ የሚመጣ ሰንበር ከታየ ፎቶው ይቅር፣ እንሄዳለን።

ፎቶ ካልን ዘንዳ፣ የዘገባችሁ ምስል ሥር «ጉማሬው እያዛጋ እንግዶችን ሲቀበል» ተብሏል። አፍ መክፈቱ «ሂዱልኝ» ማለቱ ነው። ይህን አንብቦ የመጣ እንግዳ አፉን እንዲከፍትለት ጠጠር ወርውሩበት ሲለን መልሱን ለእናንተ እንልካለን።

ስለ አሮጌ ሞተር የተጻፈው እውነትነት አለው፤ አንክድም። ዘይት ከቤንዚን የሚቀላቀልበት ሞተር ካስገባው ነዳጅ ሳይቃጠል ወደ ውሃ የሚተፋው አለ። «ለምን አይቀይሩትም» ብሎ መጠየቅ ግን ቀላል ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ሳስቶ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚህ 33 ቢሆን ነው። አዲሱ ባለ አራት ምት ሞተር ይከብዳል፣ የድሮዋን ጀልባ ኋላዋን ያሰምጣል፤ በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ካልተገጠመለትም እያቃሰተ ነዳጅ ይበላል። ያን ሁሉ አንድ ቤተሰብ፣ እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት፣ ከየት ያምጣው? እስከዚያው የሚቻለው ይደረጋል፦ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በመለኪያ እንጂ በግምት አይደለም። ሲበዛ ጢሱና ቅባቱ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል። ነዳጅ የሚሞላው ወደብ ላይ በማጥለያ ነው፤ ከጀልባው ሆድ የሚቀዳው ቅባታም ውሃም በጀሪካን ይወጣል እንጂ ወደ ሐይቁ አይደፋም።

ሐይቁን የወረረው አረም፣ እንቦጩም፣ በእኛ ተሳብቧል። እንቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲመዘገብ የታየው በሰሜን በኩል ነው፤ የሚገፋው ነፋስ፣ የሚያፋፋው ወንዞች ከማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። ጀልባ አያዛምትም አንልም፤ ሥር ያላት አንዲት ቁራጭ በመልሕቅ ገመድ ተጠቅልላ ትመጣለች። ስለዚህ ከሰሜን የተመለሰ ጀልባ ሞተሩ ተነስቶ ፕሮፔለሩና ገመዱ ይለቀማል፣ የተለቀመውም ከውሃ ርቆ ይደርቃል። ደግሞስ የኛው ሞተር ዋና ጠላት እንቦጭ አይደለም እንዴ? የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ ሲደፍነው ከኋላ የምትወጣው ቀጭን ውሃ ትቋረጣለች፤ ያኔ ወዲያው ያላጠፋ ሰው ሞተሩ ግሎበት ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ማሸጊያ፣ ይገዛል። ሞተር የሚጠፋው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው፣ ጉማሬ ፊት አይደለም።

ዘገባው የሆቴል ሰው ጠይቋል፣ አስጎብኚ ጠይቋል፣ «ባለሙያ» ጠይቋል። በዘጌና በደብረ ማርያም መስመር ከአባት ለልጅ የሚሠራ አንድ ጀልባ ነጂ አልጠየቀም። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ የጉማሬን ጠባይ ከማናችንም ቀድመው ያወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎችማ ስማቸውም አልተነሳ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

እርማቱን ከጥር በፊት አውጡልን፤ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል፣ ስልኩ ላይም የእናንተ ጽሑፍ ይኖራል። ቦታ ከጠበባችሁ ከምክራችሁ ሁለት ቃል መሰረዝ ይበቃል፦ «አጥፍተው» እና «ይጠጉ»።

ከባሕር ዳር፣ በጀልባ ሥራ ላይ ያለን ቤተሰቦች