የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ መሮ ስንስል

ክበባችሁ ዘንድሮ ምን ሠራ ካላችሁኝ በርጩማ 6፣ የተሳለ መሮ ግን ቆጥሬም አልጨርሰው። እቅዳችን በርጩማው ነበር፣ ከቅዳሜ ገበያ ያመጣናቸው መሮዎች ግን ከመዶልዶማቸው የተነሳ ዋንዛን እንኳ (ዋንዛ እኮ ለመሮ የዋህ እንጨት ነው!) መቁረጡን ትተው ይቦጭቁታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስለት አልን።

በእጅ ይሳል ወይስ በማሽን ሲባል እኔ የሞላ (በሞተር የሚሽከረከረው የመሳያ ድንጋይ) ደጋፊ ነበርኩ፣ አልደብቅም። በማሽን 2 ደቂቃ ለሚፈጀው ምን አስፈተገን ብዬ ላሳያቸው ተነሳሁ፣ ሞላው በደቂቃ ወደ 2,800 ጊዜ ይዞራል፣ እኔ ደግሞ ወሬ ይዤ ጫን አድርጌው ኖሮ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! አንዷ ተማሪ "ቲቸር ቀለሙ ሲያምር" አለችኝ። ምን ያምራል። ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፣ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ጫፉ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ የሚሸሽበት የለውማ። ሰማያዊው እስኪያልቅ ሞርደን ጣልነው፣ ከዚያ ወዲህ አጠገባችን የውሃ ባልዲ አይጠፋም፣ ነካ አድርጎ መንከር፣ ነካ አድርጎ መንከር።

ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ በእጅ ገባንበት። የመስኮት መስታወት ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ለጠፍን፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፦ ቁጥር 220፣ 400፣ ከዚያ 1000። ዋናው ዘዴ የመሮው ጀርባ መጀመሪያ ለጥ ብሎ መስተካከሉ ነው፣ ይሄን ዘለው ስለቱን ብቻ የፈተጉት ልጆች 2 ሳምንት ለፍተው ባዶ። የስለቱን አንግልስ? የሂሳብ መምህራችን ገላገሉን፦ የተዳፋቱ (ወደ ስለቱ ያዘነበለው ፊት) ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፣ ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ከጀርባ በኩል በጣት የሚዳሰስ ሻካራ ነገር ሲወጣ ወደሚቀጥለው ወረቀት ማለፍ፣ መጨረሻ ላይ አሮጌ ቀበቶ ላይ ወደኋላ እየጎተቱ ማሸት።

ስለቱን የሚፈትሹት የክንዳቸውን ፀጉር በመላጨት ነበር፣ ግማሹ ክበብ በአንድ እጁ ፀጉር አልባ ሲሆን ከለከልኩ፣ አሁን የእንጨት ጫፍ ነው የምናስቆርጠው።

ሞላውን ግን አልጣልነውም፣ ጫፉ የተሸረፈ መሮ በእጅ ከተባለ ክረምት ይገባል፣ ቅርፁን ማሽን ያወጣል፣ ስለቱን እጅ።

ከ6ቱ በርጩማዎች 5ቱ ለቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል። 6ኛው በሰማያዊው መሮ የተጀመረ ነው፣ ይነቃነቃል፣ ስታፍ ሩም ውስጥ እኔ ነኝ የምቀመጥበት።