ጥቅምት ሳይገባ ቀለሙ ይፈተሽ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር
የጽዳትና ውበት እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በየመጋዘኑ የተከማቸ የተረፈ ቀለም እንዲለይ፣ የማይረባውም በአግባቡ እንዲወገድ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የምተዳደረው በቀለም ቅብ ነው። የትኛውም መሥሪያ ቤት ብገባ ከግምጃ ቤቱ ጥግ የተረፈ ቀለም አላጣም። ሰኔ ላይ በጀት ሳይዘጋ ተብሎ ይገዛል፤ ግማሹ ይቀባል፤ የቀረው ክዳኑ በወጉ ሳይገጠም ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ሲያልፈው «ጊዜው አልፎበታል» ይባልና ወይ የአስወጋጅ ኮሚቴ ይጠብቃል፣ ወይ አንድ የጽዳት ቀን ቱቦ ውስጥ ይደፋል። ከቱቦው የወጣ ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ ለእናንተ አይነገርም፤ በሬሳ ወንዝ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ቀለም ገና ይሠራል። ያልተከፈተ የውሃ ቀለም በደህና ቦታ ከተቀመጠ እስከ 10 ዓመት፣ የዘይት ቀለም እስከ 15 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የእኛ ችግር ደህና ቦታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በቆርቆሮ መጋዘን፣ በባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድር የውሃ ቀለም ውርጩ ይመታዋል። አንዴ ቀዝቅዞ ቢመለስ ሊተርፍ ይችላል፤ ሲደጋገምበት ግን ማያያዣው ይቋጠራል። ሸዋ ሮቢት ላሉ ባልደረቦቼ ይህን ሳወራቸው ይስቃሉ፤ የእነሱ ጠላት ሙቀቱ ነው።

ፍተሻው ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ክዳኑን በካቻቪቴ ከፍቶ መጀመሪያ ማሽተት ነው። የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ ሽታ ካለው ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ቢቀባም ሽታው ከክፍሉ አይወጣም። ሽታው ደህና ከሆነ ከላይ የጋገረውን ቆዳ ዙሪያውን በቢላ ቆርጦ ማንሳት እንጂ አብሮ ማማሰል አይገባም፤ ፍርፋሪው ሮለሩን ተከትሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በዱላ ከሥሩ እየቆፈሩ ማማሰል። ውሃው ከላይ ቀርቶ ደለሉ ከታች መቀመጡ ብልሽት አይደለም። ተዋሕዶ ከለሰለሰ በወንፊት አጥልሎ ካርቶን ላይ መሞከር ነው፤ ደርቆ ካልተሰነጠቀና በጣት ሲታሽ ካልተላጠ ለአጥርም ሆነ ለመጀመሪያ እጅ ይበቃል። እንደ አይብ ተቆራርጦ ከቀረ ግን ምንም ውሃ ቢጨመርበት አይመለስም።

በዘይት ቀለም ላይ ሚዛኔ ሌላ ነው። በቲነር ተማስሎ አምሮ ቢመለስ እንኳ፣ አሮጌ ከሆነ የመማሪያ ክፍል በር፣ መስኮትና የልጆች መጫወቻ እንዳይቀባበት እለምናለሁ። በተለይ በቢጫው፣ በብርቱካናማውና በቀዩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይገባ ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ ወስናለች፤ ከደንቡ በፊት የተመረተው ጣሳ ግን አሁንም መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። በዓይንም በአፍንጫም አይለይም። እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

የተበላሸው የውሃ ቀለም አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ተደባልቆበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ድርቅ ካለ በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ሊሄድ ይችላል። የዘይት ቀለም፣ ቲነርና ቫርኒሽ ግን እሳት የሚይዙ ናቸው፤ ገንዳ ውስጥም ቱቦ ውስጥም መግባት የለባቸውም። ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ለአንድ ቀለም ቀቢ ግን የሚያስፈልገው «ይህን ጣሳ የት ልውሰደው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጥቅምት ሳይገባ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ያለው ቀለም ይፈተሽ፤ ደህናው የውሃ ቀለም አጥራቸው ለተላጠ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ። የዘይት ቀለምና የቲነር ጣሳ የሚረከብ አንድ ቦታ ተወስኖ በየቀበሌው ይለጠፍ። ግምጃ ቤቶችም የሚቀረውን ከወለሉ ከፍ አድርገው በጣውላ ላይ ያስቀምጡ፤ የተከፈተበት ቀንና የተቀባው ክፍል ጣሳው ላይ ይጻፍበት። ፈታሽ ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ካቻቪቴና ወንፊቱንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቀለም ቀቢ፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦ ሰኔ ላይ ቀለም ለሚገዙ የግዥና ንብረት ክፍሎች በሙሉ