ለተግባር ልምምድ ለምትወጡ አባላት

ውድ አባላት፣

በዚህ ክረምት ቴአትር ቤት ገብታችሁ በመድረክ ንድፍ የተግባር ልምምድ ልታደርጉ የተዘጋጃችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በመጥረጊያ ቢያልፍ አትከፉ። እኔም የጀመርኩት ከአሮጌ ጣውላ ሚስማር በመንቀል ነው።

በ1፡25 ልኬት በሚሠራ የመድረክ ሞዴል አራት ሴንቲ ሜትር አንድ ሜትር ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ሁሉም ያምራል። መድረክ ላይ ግን ግድግዳው ክብደት አለው፤ በትዕይንቶች መካከል ሁለት ሰው በጨለማ ተሸክሞ ያወጣዋል። በበሩ ማለፍም አለበት። እኔ በሩን አልለካሁም ነበርና በቴአትሩ ምርቃት ዋዜማ የደከምኩበትን ግድግዳ ለሁለት በመጋዝ ቆረጥነው።

ከአናጺው አጠገብ አትራቁ። በእንጨት ላይ የተወጠረ አቡጀዲ በውኃ የቀጠነ ሙጫ ሲቀባ መጀመሪያ ይረግባል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ከበሮ ይወጠራል። የመብራት ባለሙያውንም አስቸግሩት፤ በቀን ያማረው ሰማያዊ ቀለማችሁ በብርቱካንማ መብራት ሥር አመድ ይመስላል። በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የብሔራዊ ቴአትር ሰፊ መድረክና ጠበብ ያለው የሀገር ፍቅር መድረክም አንድ ዓይነት ንድፍ አይቀበሉም፤ ሁለቱንም ሄዳችሁ እዩ።

ሥራ የሚገኘውም እዚያው ነው። አዘጋጁ ለቀጣዩ ቴአትር ሰው ሲፈልግ የሚደውለው ባለፈው ጊዜ ቀለም ሲቀባ አብሮት ላነጋው ልጅ ነው። ከቴአትር ውጭም የድራማ ቀረጻ፣ ማስታወቂያና የሠርግ አዳራሽ ይህንኑ እጅ ይፈልጋሉ። (ክፍያው ከሠርጉ በኩል ይሻላል፤ ለአዘጋጆቹ አትንገሩብኝ።)

ማመልከቻ የምታስገቡ እስከ ዓርብ ሞዴሎቻችሁን አምጡ፤ አብረን እናያቸዋለን። ሜትርም ያዙ።