ስለ ፊቴና ስለ ዝምታዬ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴና ለልጅነት ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ አገጬ ሥር ረገበ ብለሽ ያለ ቀዶ ሕክምና ቆዳ የሚያጠብቅ ማሽን ልትሞክሪ ማሰብሽን ከእህትሽ ስለሰማሁ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ የመጀመሪያው ጎዳኝ፣ ሁለተኛው ጥቂት ጠቀመኝ። ይህን እያወቅሁ ዝም ብልሽ በበደል ላይ በደል መጨመር ይሆንብኛል።

ለእኔም እናት የነበሩት የእናትሽ አርባ ሲወጣ ደምበጫ አለመገኘቴን እንደማትረሺው አውቃለሁ። በእጃቸው ጎርሼ ያደግሁ ሰው ነበርኩ። አሞኛል ብዬ የላክሁት ቃል ውሸት ባይሆንም ሙሉ እውነት አልነበረም። ከአርባው ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ አንድ የውበት ሳሎን ገብቼ፣ መጨማደድ ያጠፋል የተባለ ቦግ ቦግ የሚል ብርሃን ፊቴ ላይ አስደርጌ ነበር። ሠራተኛዋ ስለ ቆዳዬ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ፣ በትንሽ ቦታ ላይም ሳትሞክር ከጉንጬ ጀመረች። በሦስተኛው ብልጭታ ፀጉር ሲለበለብ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ሸተተኝ፤ የተለመደ ነው ስትለኝ አምኜ ተኛሁላት። በማግስቱ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ የክብሪት ቀፎ ጎን የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል ቁስሎች ተደርድረው አገኘሁ፤ ሲደርቁም ጥቁር ምልክት ትተው ቀሩ።

በዚያ ፊት ተዝካር ቤት ብገባ ሰው የእናታችንን ነገር ትቶ የእኔን እንዳያወራ ፈራሁ። አንቺ በሐዘን ላይ ሳለሽ እኔ ለመልኬ ስል ተቃጠልኩ ብሎ መናገርም አፍ አስያዘኝ። ከዚያ በኋላ አንዱ ወር ሌላውን እየሳበ፣ ስልክሽ ሲጠራ ማንሣት እየከበደኝ ሄደ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

በኋላ አዲስ አበባ ያየኝ የቆዳ ሐኪም የደረሰብኝን በሚገባ አስረዳኝ። ያ መሣሪያ የሚረጨው ብርሃን ጥቁር ቀለም ባገኘበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የእኔና የአንቺ ዓይነት ቆዳ ደግሞ ቀለሙ ላይኛው ንብርብሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ እዚያው ላዩ ላይ ያቃጥላል። ስለዚህ ለፈካ ቆዳ በተስተካከለ መጠን ጠይም ቆዳን መንካት ቃጠሎ መጥራት ነው። ምልክቱ እስኪደበዝዝ ወራት ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ከፀሐይ መከላከያና ሐኪሙ ካዘዘልኝ ቅባት በቀር ፊቴን ምንም አላስነካሁም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚሉት ነው። ይህ የቆዳን ቀለም አይፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሞገዱ በቆዳው ውስጥ ሲያልፍ ከሚገጥመው ተቃውሞ ሙቀት ይፈጠራል። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ የመሣሪያውን ራስ ከአገጬ ወደ ጆሮዬ እያንሸራተተ፣ በየደቂቃው ሙቀቱን እየለካ፣ ማቃጠል ከጀመረ ቶሎ ንገሪኝ ይለኝ ነበር። ስሜቱ እንጀራ አውጥተሽ ክዳኑን ስትገጥሚ ፊትሽን የሚመታሽ ወላፈን ዓይነት ነው፤ ይሞቃል እንጂ አያሳምምም። ኮላጅን የሚባለው የቆዳ ማገር በሙቀቱ ጥቂት ይሰበሰብና፣ ሰውነት ጉዳት የደረሰበት መስሎት በቀጣዮቹ ወራት አዲስ ይሠራል። በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ሌላም ዘዴ አለ፤ እርሱ እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቁ ጥቃቅን ነጥቦችን ስለሚፈጥር ሕመሙ ይበረታል፤ እኔ አልሞከርኩትም።

ለዚህ ስል አራት ጊዜ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ ተመላልሻለሁ፤ የከፈልኩትም ከሁለት ኩንታል ማኛ ጤፍ ዋጋ ይበልጣል። ውጤቱን በመስታወት ሳይሆን፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ብርሃን በተነሣሁት ፎቶ አመሳክሬ ነው የምነግርሽ። የመንጋጋዬ መስመር ከአራት ወር በኋላ በጥቂቱ ጠራ፤ በዓይኔ ጥግ ያሉት መስመሮችም ለዘብ አሉ። አንገቴ ግን እንደነበረ ነው። ባለቤቴ ሳልነግረው ለውጡን አላየውም። ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ገና መላላት ለጀመረ ቆዳ እንጂ ለተንጠለጠለ ቆዳ እንደማይሆን፣ ያገኘሁትም ለዘለቄታው እንደማይቆይ፣ ምናልባት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም እንደሚያስፈልገኝ ተነግሮኛል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ግራ ጉንጭሽ ከቀኙ ይልቅ የተጨማደደው ለምንድን ነው አለኝ። አሰብኩና፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ 18 ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር በስተግራው መስኮት እንዳለው ትዝ አለኝ። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር በአብዛኛው ቢያስቀርም፣ ጠልቆ ገብቶ ኮላጅንን የሚያፈርሰውን ግን ያሳልፋል። የእኛ አገር ደግሞ ደጋ ነው፤ ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የዚህ ጨረር ኃይል ወደ 10 በመቶ ያድጋል፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ብለን ስንት ዘመን ተታለልን! እናታችን ገበያ ሲሄዱ ያቺን ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለዩት ለካ እኛ ከምናውቀው በላይ ያውቁ ኖሯል። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትን በየቀኑ የተቀቡ ሰዎች ቆዳ አልፎ አልፎ ከሚቀቡት ይልቅ በ4 ዓመት ተኩል ውስጥ የእርጅና ምልክቱ በ24 በመቶ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። እኔ ያን ወንበር ቀይሬያለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከምንም በፊት የቆዳ ሐኪም ይይሽ፤ ማሽን ያለው ሁሉ ባለሙያ አይደለም። ጆሮሽን ስትበሺ ያበጠውንና እስከ ዛሬ ያልሟሸሸውን ጠባሳ ሳትረሺ ንገሪው፤ በመርፌ እየተበሳ የሚሠራውን ዓይነት ሊያቀርብልሽ ይችላልና፣ ኬሎይድ ለሚሉት እንዲህ ላለ የሚያብጥ ጠባሳ የተጋለጠ ቆዳ ላይ ያ ትልቅ አደጋ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቂው፤ ቅር ቢለውም ጠይቂው። በመጀመሪያ በጆሮሽ ሥር በትንሽ ቦታ ሞክሮ ጥቂት ሳምንት ይጠብቅ። ሱቅ የሚሸጡትን ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ደግሞ እባክሽ አትንኪ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ልታጠብቂው የፈለግሽውን ቆዳ ያሳሳዋል።

ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ ከእናታችን የሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ በኋላ አድርጊው። እኔ ከዋዜማው በፊት ደምበጫ ደርሼ ከእህትሽ ጋር እንጀራውን እጋግራለሁ። ፎቶዎቹንም ይዤ እመጣለሁ፤ የተቃጠልኩባቸውም አሉባቸው፤ ሁሉንም አብረን እናያለን። ግራ ጉንጬ ላይ ከዓይኔ ዝቅ ብሎ አንዷ ምልክት አሁንም በስሱ ትታያለች፤ ስንሳሳም ታገኛታለሽ።

ናፋቂሽ፣ እህትሽ