የተኩስ ቀዳዳውን አይታችሁ ፍረዱ

ሰላም ውድ አባላት፣

ከእንግሊዝ የጦርነት ዘመን አየር ማረፊያዎች የምትልኳቸው ፎቶዎች ደስ ይላሉ። ግን ኮንክሪት የታየበት ሁሉ «ምሽግ» እየተባለ ነው። ቀዳዳ የሌለው፣ አፈር የለበሰ ግንብ ብዙውን ጊዜ የቦምብ መጠለያ ነው።

የተኩስ ቀዳዳ ካለው ወደ የት እንደሚያይ ልብ በሉ። ፊቱን ወደ ማኮብኮቢያው ቢያዞር አትገረሙ። በ1940 እ.ኤ.አ. የተፈራው የጠላት ጦር በፓራሹት እዚያው ሜዳው ላይ ዱብ እንዳይል ነበር።

ሣር ውስጥ ክብ የኮንክሪት ክዳን ካያችሁማ እሰየው! የፒኬት-ሃሚልተን ምሽግ ሊሆን ይችላል። በሰላሙ ጊዜ ከመሬት እኩል ተኝቶ አውሮፕላን በላዩ ያልፋል። ጥቃት ሲመጣ በታመቀ አየር ተገፍቶ ብቅ ይላል፤ ሦስት የተኩስ ቀዳዳዎችም አሉት። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው።

ዙሪያውን ቀጭን መመልከቻ ያለው አጭር የኮንክሪት ሳጥንስ? ከሥሩ ክፍሎች ካሉ የመከላከያ ማዘዣ ጣቢያ ነው ብላችሁ ገምቱ። ታዲያ እንዳትገቡ፤ ብዙዎቹ ውሃ ሞልቷቸዋል።

ፎቶ ስትልኩ የቀዳዳውን አቅጣጫና የግድግዳውን ውፍረት ጻፉልን።