ያቺ የመጨረሻዋ 10 ሜትር

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

ዓምዳችሁን እወደዋለሁ። ግን በዝውውር ወሬና በዳኛ ስህተት ተሞላ። እስቲ አንዳንዴ እንደ ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ ያሉትንም አስነብቡን።

እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ነው። ስፔን፣ ናቫራ ውስጥ በተካሄደ አገር አቋራጭ ውድድር ኬንያዊው አቤል ሙታይ ይመራ ነበር። በዚያው ዓመት በለንደን ኦሎምፒክ በ3000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ያገኘው ሙታይ። ታዲያ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ መስሎት ቆመ። ገና 10 ሜትር ያህል ይቀረዋል! ስፔናዊው ኢቫን ከኋላ ደረሰበት። አልፎት ቢሄድ ማን ይከሰው ነበር? እሱ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በእጁ እያመለከተ እስከ መስመሩ ሸኘው። ሁለተኛ ወጣ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አሰልጣኙ ነው። ማርቲን ፊዝ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. የ1995 የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን። እሱ ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው በግልጽ ተናገረ። አለመዋሸቱን ወድጄለታለሁ። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኞቻችን ከፊዝ ጋር ነን። እንዲህ ያለውን ታሪክ ከነክርክሩ ብታወጡልን አንባቢም ይጽፍላችኋል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ አንዲት ጥግ አትጠፋም።

የዘወትር አንባቢያችሁ