ተጫዋቾቹን ያሉበት ሄደን እንፈልግ

ውድ አባላት፣

ለብሔራዊ ቡድኖች አካል ጉዳተኛ ተጫዋቾች ስትመለምሉ እባካችሁ ክለቦችን ብቻ አትዩ። ብዙዎቹ ጎበዞች ማልያ ለብሰው አያውቁም፤ ልዩ ትምህርት ቤቶችና የሰው ሠራሽ አካል ማዕከላት ሄዳችሁ ጠይቁ።

የዓይነ ስውራን እግር ኳስ ከአቴንስ 2004 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው። ኳሷ ስትንከባለል ትንሿሿለች፤ ሊነጥቅ የሚሄድ ተጫዋችም «ቮይ» (በስፓኒሽ «መጣሁ» እንደማለት) ብሎ መጮህ ግዴታው ነው። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ ድምፁን ሰምቶ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚዞረውን ልጅ መዝግቡ፤ ኳስ አያያዝ በልምምድ ይሻሻላል። በረኛው የሚያይ ስለሆነ ከመደበኛ ክለብም ይገኛል።

በክራንች በሚካሄደው እግር ኳስ በረኛ የሚሆነው እጁን ያጣ ተጫዋች ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «አትሆንም» ብላችሁ እንዳትመልሱት፣ አደራ! የጉዳት ምደባውን ለባለሙያዎች ተዉት። የእናንተ ድርሻ ችሎታውን አይቶ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ ለአሠልጣኞች ማገናኘት ነው።